ገንዘቡ ከማን ወደ ማን ነው?
(በሥራ ቦታ የእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ ስለሚያጋጥሙ የገንዘብ ቃላት)

እንደሚታወቀው አብዛኞቻችን እንግሊዝኛን ያጠናነው ለፈተና ነው። ባዶ ቦታ እንሞላለን፣ ትክክለኛውን ፊደል እናከብባለን፣ ከዚያ እንረሳዋለን። ቋንቋው ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ግን ስሕተቱ ማርክ በማስቀነስ ብቻ አያበቃም። ይኼንን የተረዳነው ከጥናት ቡድናችን አባላት በአንዱ ላይ ከደረሰው ነገር ነው።

ይህ ጓደኛችን 12ኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ ደባርቅ ውስጥ በቅሎ ለሚያከራዩ አጎቱ ያስተረጉም ነበር። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ስለሆነች እንግዶች ጓዛቸውን የሚጭኑበትን በቅሎ የሚከራዩት እዚያ ነው። አንድ ቀን ሁለት እንግዶች ለ4 ቀን ጉዞ ዋጋ ከተነጋገሩ በኋላ «ዳዝ ዘ ፕራይስ ኢንክሉድ ዘ ሪተርን ዴይስ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁ «ኢንክሉድ» የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ያውቀው ነበር፤ እዚያ ግን ጠፋበት። አላውቅም ማለት አፈረና «የስ» አለ። የተጠየቀው ለካስ «በቅሎዋ ባዶዋን የምትመለስባቸው ቀኖች ሒሳብም በዚሁ ዋጋ ውስጥ ነው ወይ?» ኖሯል። ጉዞው ያለቀው ከደባርቅ ርቆ ስለነበረ በቅሎዋና ነጂዋ 2 ቀን ሙሉ ያለ ክፍያ ተመለሱ። አጎቱ ብዙ አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረህ ያመጣኸው 'የስ'ን ብቻ ነው?» አሉት።

ነገ እኛ የምናስተምራቸው ልጆች በሆቴል፣ በባንክ፣ በሱቅ ይሠራሉ። ስለዚህ በቡድናችን የተወያየንበትን ከዚህ በታች አቅርበናል።

1ኛ/ የገንዘቡን አቅጣጫ መለየት። በአማርኛ «ተበደረ» እና «አበደረ» ሥራቸው አንድ ነው፤ አቅጣጫውን የሚነግረን የመጀመሪያው ፊደል ነው። እንግሊዝኛ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ለተበዳሪው «ቦሮው»፣ ለአበዳሪው «ሌንድ»። ከመካከላችን «ሌንድ» እያለ የተበደረ ስንቱ ነው! በኪራይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ «ተከራየ» እና «አከራየ» ብለን ስንለይ እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ሬንት» ይላል። የሚለየው ተከትሎ የሚመጣው ቃል ነው፤ «ሬንት ፍሮም» ከሆነ ተከራየ፣ «ሬንት ቱ» ከሆነ አከራየ።

ወረቀቱም አቅጣጫ አለው። «ኢንቮይስ»፣ ማለት በተለምዶ ፋቱራ የምንለው፣ ሻጩ «ይህን ያህል ክፈለኝ» ብሎ የሚሰጠው ነው። «ሪሲት» ግን ከተከፈለ በኋላ የሚሰጥ ነው። የእኛው «ደረሰኝ» ራሱ ትርጉሙን ይናገራል፤ ተቀባዩ ገንዘቡ «ደረሰኝ» ማለቱ ነው።

2ኛ/ ሁለት ፊት ያላቸውን ቃላት ማወቅ። «ኢንተረስት» ክፍል ውስጥ ፍላጎት ነው፣ ባንክ ውስጥ ወለድ ነው። «ቼንጅ» መለወጥ ነው፣ ሱቅ ውስጥ መልስ ነው። «ባላንስ» ሚዛን ነው፣ በሒሳብ ደብተር ላይ ግን ቀሪ ሒሳብ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው «ፕሪንሲፓል» ነው። ለእኛ ርዕሰ መምህር ነው፤ ባንክ ውስጥ ግን ዋናው ብድር ነው። አንድ ሰው 10,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ቢበደርና በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ቢከፍል ፕሪንሲፓሉ 10,000፣ ኢንተረስቱ 1,500፣ የሚመልሰው 11,500 ብር ይሆናል።

3ኛ/ የሽያጭ ገቢንና ትርፍን አለመደባለቅ። አንዲት እናት በዳባት ገበያ በ750 ብር የገዙትን ገብስ በ900 ብር ሸጡ እንበል። ለማጓጓዣ 60 ብር አውጥተዋል። «ሬቨኑ» 900 ነው፤ «ፕሮፊት» ግን 90 ብቻ ነው። ወጪው ከ900 ቢበልጥ «ሎስ»፣ ማለት ኪሳራ ይባላል። በደመወዝም እንዲሁ ነው። «ግሮስ» ያልተጣራው ሲሆን «ኔት» ግብርና የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰ በኋላ እጃችን የሚገባው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ለጡረታ የሚያዋጣው የደመወዙን 7 በመቶ ስለሆነ ይኼ ቃል ለእኛም ሩቅ አይደለም።

4ኛ/ ቁጥርን ደግሞ ማረጋገጥ። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በጆሮ ይመሳሰላሉ፤ በኪስ ግን አንዱ 15፣ አንዱ 50 ነው። ስለዚህ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብሎ መጠየቅ ወይም «ፕሊዝ ራይት ኢት ዳውን» ብሎ ማስጻፍ ይገባል።

እንግሊዝኛ ወደ ገንዘብ ሥራችን የገባው ዛሬ አይደለም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1906) አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር ከነበረው የግብፅ ናሽናል ባንክ ጋር የተያያዘ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ይኸው ቋንቋ እየቀረበ እንጂ እየራቀ አልሄደም።

እንዴት እናጥናው? ዝርዝር መሸምደድ ብቻ እንደማይበቃ የጓደኛችን ታሪክ ያሳያል፤ ቃሉን ያውቀው ነበር እኮ። ቡድናችን አሁን በሳምንት 5 ቃላት ብቻ ይይዛል። ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ ይሆናል፤ ከዚያ ቦታ እንለዋወጣለን። አንድ ጥብቅ ደንብ አለን፤ ያልገባው ሰው «የስ» አይልም። «ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን?» ይላል። ለአጎትየው የ2 ቀን ኪራይ ያተርፍላቸው የነበረው ይህችው አጭር ጥያቄ ነበረች። ነገ እኛም ክፍል ስንገባ ልጆቹን መልስ ብቻ ሳይሆን ይህንን ጥያቄ እናስተምራቸው።

መልመጃ፦ «አይ ሬንትድ ማይ ሚዩል ቱ ኤ ጌስት» ያለ ሰው ገንዘብ ከፈለ ወይስ ተቀበለ? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉልን።