የጠባቂ ውሻ አያያዝ፦ ምንባብ፣ ቦዝ አንቀጽና አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

በዚህ ትምህርት አንድ ምንባብ ታነባላችሁ፤ ከምንባቡ ተነሥታችሁ ስለ ቦዝ አንቀጽ ትማራላችሁ፤ በመጨረሻም አሠራርን የሚያስረዳ አጭር ድርሰት ትጽፋላችሁ። አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት ማለት አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። በእንዲህ ያለ ድርሰት ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ አንባቢው ሥራውን ያበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ጉዳት ይደርስበታል። ስለዚህ ምንባቡን ስታነቡ የትኛው ተግባር ከየትኛው እንደሚቀድም ልብ በሉ።

ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ጠባቂ ውሻ ምን ይበላል? በቀን ስንት ጊዜስ ይበላል?
2. በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ሳንባውና ለምግብ የማይሆነው ጉበት ምን ይደረጋል?
3. «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ማለት ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

ጠጉሩን አይቶ ሆዱን ማወቅ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በዳንግላና በእንጅባራ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ከእርሻው ጎን ለጎን በግ ያረባል። በአካባቢው የታወቀው የበግ ዝርያ ዋሸራ ይባላል፤ የዳንግላ በግ እየተባለም ይጠራል። መንጋውን ቀን ከቀበሮ፣ ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀው ትልቁ ውሻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እንደሚባለው ጠባቂው ለበላበት ቤት ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ምን እንደሚበላ፣ ለምን እንደሚታከክና የት እንደሚተኛ የሚያስብለት ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የውሻ ጤና በመጀመሪያ የሚታየው በጠጉሩ ላይ ነው። ጤነኛ ውሻ ጠጉሩ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ቆዳውም ቅርፊትና ቁስል የሌለበት ነው። ጠጉር በአብዛኛው ከፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ በቂ ምግብ ያላገኘ ወይም ሆዱን ትል የወረረው ውሻ ጠጉሩ ይደርቃል፣ ይነጫል። ስለዚህ ውሻ ጠጉሩ ሲበላሽ ስለሚቀባው ነገር ከማሰብ በፊት ስለሚበላው ነገር መጠየቅ ይገባል።

የእንጅባራ አገር ቀዝቃዛና ዝናብ የሚበዛበት ነው። በክረምት ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ውሻ ከላይ የደረቀ ቢመስልም እስከ ቆዳው እርጥብ ሆኖ ሊሰነብት ይችላል። እርጥበት የሰነበተበት ቆዳ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ውሻው ከዝናብ ሲመለስ በአሮጌ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያም ጠጉሩን በማበጠሪያ ማበጠር፣ ከመሬት ከፍ ባለና ጣራ ባለው ስፍራ ማስተኛት ይጠቅማል። ማበጠር የረገፈውን ጠጉር ያስወግዳል፤ ከዚህም በላይ መዥገር፣ ቁንጫና ቅማል በጊዜ እንዲታዩ ያደርጋል። ጆሮ ሥር፣ ብብትና የጣቶች መካከል በተለይ መታየት አለባቸው። የቁንጫ እንቁላል ከጠጉር ላይ ረግፎ በመኝታው ውስጥ ስለሚፈለፈል የተኛበትን ጭድ በየጊዜው አውጥቶ ማቃጠል ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው ውሻው ሲታከክ ለጎተራ ነቀዝ የተሠራ መርዝ ይነሰንስበታል፤ ወይም ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። ውሻ ጠጉሩን በምላሱ የሚያጸዳ እንስሳ ነውና በቆዳው ላይ የፈሰሰው መርዝ ሁሉ ወደ ሆዱ ይገባል። እከክ የያዘው ውሻ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት። ውሻውን የሚያበጥርና የሚያጥብ ሰውም ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በወቅቱ መከተቡን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ወይም ለሐጩ የሚዝረከረክ ውሻ ፈጽሞ አይነካም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው።

አሁን ወደ ሆዱ እንመለስ። ትልቅ ውሻ የቀን ምግቡን በአንድ ጊዜ ጠግቦ ወዲያው ቢሮጥ ሆዱ በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝበት ይችላል፤ ይህም በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ሕመም ነው። ስለዚህ ምግቡን ለሁለት ከፍሎ ጧትና ማታ መስጠት፣ ከበላም በኋላ ማሳረፍ ይሻላል። የወጥ ትራፊ ደግ ምግብ ይመስላል፤ ነገር ግን በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል። የተቀቀለ አጥንት ሲሰበር ስለታም ስለሚሆን ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል። ድንች ተቀቅሎ ቢሰጥ ይስማማዋል፤ አረንጓዴ የሆነውና ያጎነቆለው ግን መርዝ አለው። በጾም ወራት ቤተሰቡ ሥጋ ሲተው ጠባቂው ሳይወድ አብሮ ይጾማል፤ በዚያ ጊዜ ከቂጣው ወይም ከገንፎው ጋር የተቀቀለ አተር ወይም ባቄላ ቢጨመርለት ጉልበቱም ጠጉሩም አይጎዳም። ምግቡ በሚለወጥበት ጊዜ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ሊለወጥ ይገባል፤ አለዚያ ተቅማጥ ይይዘዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በእርድ ቀን ለውሻ የሚወረወረው ጥሬ ሳንባና ጉበት ነው። በበግ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል። ይህ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባለው የውሻ ትል ልጆች ማደሪያ ነው። ውሻው ከረጢቱን ጥሬውን ሲበላ እነዚያ ልጆች በአንጀቱ ውስጥ ተጣብቀው ያድጋሉ። ያደገው ትል ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሆኖም በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች በአንድ ውሻ ሆድ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ውሻውም ጤነኛ መስሎ ይታያል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣር፣ በውሃ፣ በጓሮ አትክልትና በውሻው ጠጉር ላይ ይቀራል። ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ መሬት ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በጉ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ በሳንባውና በጉበቱም ላይ አዲስ ከረጢት ይበቅላል። እንዲህ እያለ ዙሩ ይቀጥላል።

በዚህ ዙር መካከል ሰው ሳያውቅ ይገባል። ሰው በሽታው የሚይዘው ከረጢት ያለበትን ጉበት በመብላት አይደለም፤ ከውሻ የወጣውን እንቁላል በእጁ፣ በውሃ ወይም ባልታጠበ አትክልት አማካይነት በመዋጥ ነው። ውሻ ሲያሻሽ ውሎ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስ ልጅ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከረጢቱ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሕመም ሲሰማ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና መውጣት ግድ ይሆናል። ለጅብ መከላከያ የተቀመጠው ጠባቂ በር ከፋች ሆነ ማለት ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ አጥሩን የቀደደው ጥሬ ሳንባ የወረወረው እጅ ነው።

ቀዳዳውን መድፈን ግን ከባድ አይደለም። ሳንባውንና ጉበቱን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ማፍላት በውስጡ ያለውን ትል ይገድላል። መቀቀል ካልተቻለ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። እንጅባራ ቀድሞ ኮሶበር በሚል ስም ትታወቅ ነበር፤ አባቶቻችን ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚይዛቸውን ትል የኮሶ አበባ ጠጥተው ያስወጡ እንደ ነበረም ይታወቃል። የውሻው ትል ግን ሌላ ነው፤ ኮሶም መጠኑ ካልታወቀ የሚጎዳ ነገር ስለሆነ ለውሻ አይሰጥም። ለዚህ የሚያገለግለው ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ሲሆን፣ የእንስሳት ሐኪም ውሻውን መዝኖ ያዝዘዋል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ውሻው ከዋጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ታስሮ ዐይነ ምድሩ መቀበር አለበት።

ይህ ምክር በጽሑፍ ተሰራጭቶ ፍሬ ያፈራበት አገር አለ። አይስላንድ እንደ አዊ ብዙ በግና ብዙ ውሻ የነበረባት ቀዝቃዛ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1863 ሐራልድ ክራበ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ወደዚያ ተጉዞ የውሾቹን አንጀት መረመረ፤ ትሉንም አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በሕዝቡ ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ ለየቤቱ በነጻ ታደለች። ሕዝቡ ማንበብ የሚያውቅ ስለ ነበር አነበባት፤ የበሽታውንም መንገድ አወቀ። ሕግም ተጨመረበት፤ በሽታው እየቀነሰ ሄዶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ጠፋ። ግልጽ ሆኖ የተጻፈ ምክር ሰው ያድናል።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

1. የውሻ ጠጉር ሲበላሽ በመጀመሪያ ስለ ምን መጠየቅ ይገባል? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
2. ለነቀዝ የተሠራ መርዝ በውሻ ጠጉር ላይ ሲነሰነስ ወደ ሆዱ የሚገባው እንዴት ነው?
3. የትሉን ዙር ከበግ ጀምራችሁ ወደ በግ እስኪመለስ ድረስ በአራት ዐረፍተ ነገሮች አስረዱ። ሰው ወደ ዙሩ የሚገባው የት ላይ ነው?
4. ጸሐፊው «አጥሩን የቀደደው ጥሬ ሳንባ የወረወረው እጅ ነው» ሲል ኀላፊነቱን በማን ላይ ጣለ? ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።
5. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ካላቸው ትርጉም ጋር አዛምዱ።
   ቃላት፦ ሀ. ይቆጣል   ለ. ያጎነቆለ   ሐ. ይነጫል
   ትርጉም፦ (1) ቡቃያ ያወጣ   (2) ይቀላል፣ ያብጣል   (3) ከሥሩ እየተለየ ይረግፋል

መ. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽ

ከምንባቡ የተወሰደውን የሚከተለውን ሐረግ ተመልከቱ።

«...ቁስሉን አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል።»

«አጥቦ» የሚለው ቃል ድርጊትን ይገልጻል፤ ነገር ግን ብቻውን ዐረፍተ ነገሩን ሊያስር አይችልም። «ቁስሉን አጥቦ» ብለን ብናቆም ሰሚው «አጥቦስ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ግስ ቦዝ አንቀጽ ይባላል፤ ሁልጊዜም ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። በባለቤቱ መሠረት እንደሚከተለው ይረባል፦

ቀቅዬ፣ ቀቅለህ፣ ቀቅለሽ፣ ቀቅሎ፣ ቀቅላ፣ ቀቅለን፣ ቀቅላችሁ፣ ቀቅለው።

ቦዝ አንቀጽ ዋና አገልግሎቱ ቀድሞ የተፈጸመውን ድርጊት ማሳየት ነው። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ገበሬው ሳንባውን ቀቅሎ ለውሻው ሰጠው።
2. ገበሬው ሳንባውን ሳይቀቅል ለውሻው ሰጠው።

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የምናየው «ሳይቀቅል» የቦዝ አንቀጽ አፍራሽ ሆኖ ያገለግላል። ባለቤቱ፣ ሳንባውና ውሻው አልተለወጡም፤ የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው። በመጀመሪያው የትሉ ዙር ይቆማል፤ በሁለተኛው ይቀጥላል። አሠራርን የሚያስረዳ ጸሐፊ ለእያንዳንዱ ቃል የሚጠነቀቀው ስለዚህ ነው።

መልመጃ 1። በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግስ ወደ ቦዝ አንቀጽ ለውጣችሁ ዐረፍተ ነገሩን ጻፉ።

1. እናቴ ጭዱን (አወጣ) አቃጠለችው።
2. እኛ ውሻውን (አደረቀ) ከጣራ ሥር አስተኛነው።
3. አንቺ እጅሽን (ታጠበ) እንጀራውን ቁረሺ።
4. ልጆቹ ጉድጓድ (ቆፈረ) ሳንባውን ቀበሩት።

መልመጃ 2። ከላይ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች በ«ሳይ...»፣ «ሳታ...»፣ «ሳን...» እና በመሳሰሉት ወደ አፍራሽ ለውጡ። ከዚያም በየትኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለውጡ ጉዳት እንደሚያስከትል ወይም ትርጉሙን እንደሚያፈርስ ተናገሩ።

ሠ. ድርሰት

«በበዓል እርድ ቀን ለውሻችን የሚደረግ ጥንቃቄ» በሚል ርእስ ከ15 እስከ 20 መስመር የሚሆን አሠራርን የሚያስረዳ ድርሰት ጻፉ። ስትጽፉ የሚከተለውን አካሄድ ተከተሉ።

1. መጀመሪያ የሥራውን ደረጃዎች በአጭር በአጭሩ ዘርዝሩ፤ ከዚያም ቅደም ተከተላቸውን አስተካክሉ።
2. በመግቢያው አንቀጽ ጥንቃቄው ለምን እንዳስፈለገ ግለጹ። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ትእዛዝን ቶሎ ይረሳል።
3. በሐተታው ቢያንስ አምስት ቦዝ አንቀጾች ተጠቀሙ። ይሁን እንጂ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከሦስት በላይ አትደርድሩ፤ ሲበዙ አንባቢውን ያደክማሉና።
4. «ጥሩ አድርጎ ማፍላት» ከማለት ይልቅ ጊዜውንና መጠኑን በቁጥር ጻፉ።

ድርሰቱን ከጨረሳችሁ በኋላ በቤታችሁ ውስጥ እርድ ለሚያከናውን ሰው፣ ለአባታችሁ ወይም ለአጎታችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን መልሰው እንዲነግሯችሁ በትሕትና ጠይቋቸው። የዘለሉት ወይም ያምታቱት ደረጃ ካለ ጽሑፋችሁ በዚያ ቦታ አልጠራም ማለት ስለሆነ አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉት፤ የተስተካከለውንም ለመምህራችሁ አስረክቡ።