የኤሌክትሪክ መኪናና የኃይል መሙያ ጣቢያ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ቀጥሎም ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

ከጣና የሚወጣው ዓባይ ካርቱም ሲደርስ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ኢትዮጵያና ሱዳን የሚጋሩት ግን ወንዙን ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መሥመርም ያገናኛቸዋል።

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. አስታወቀች። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን በአብዛኛው ከአገሪቱ ወንዞች ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት ዐቅም አለው።

ይሁን እንጂ ኃይል በግድብ መመንጨቱ ብቻውን መኪና አያስኬድም። 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ፣ 2.2 ኪሎ ዋት ከሚሰጥ የቤት ሶኬት ቢሰካ ለመሙላት 18 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 50 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ፈጣን መሙያ ግን አብዛኛውን ክፍል ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሞላዋል። በአንጻሩ ይህ አንድ መሙያ፣ በአንድ ጊዜ የጋሉ 14 ያህል የእንጀራ ምጣዶች የሚወስዱትን ኃይል ይወስዳል። ስለዚህ ትራንስፎርመሩና መሥመሩ አስቀድመው መጠናከር አለባቸው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን መሙያ ጣቢያ ከፍቷል፤ ወደ ሩቅ አውራጃ የሚጓዝ ሹፌር ግን እንዲህ ያለውን ጣቢያ እንደ ልብ አያገኝም።

መሥመር ሲበጠስ ምን እንደሚደርስ ካርቱም ታስረዳለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ትራንስፎርመሮች ተሰባበሩ፤ የመዳብ ሽቦዎችም ተዘረፉ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የመርዌ ግድብ የኃይል ጣቢያ በሰው አልባ አውሮፕላን ሲመታ በርካታ ከተሞች ጨለማ ዋጣቸው። ብዙ ነዋሪዎችም ስልካቸውን ለመሙላትና ውኃ ለመሳብ ወደ ፀሐይ ኃይል ፊታቸውን አዞሩ። በእንዲህ ያለ ከተማ የኤሌክትሪክ መኪና ከመታሰቡ በፊት የመብራት ምሰሶው መልሶ መተከል ይኖርበታል።

እንግዲህ መኪናው ከገባ በኋላ ጣቢያ መፈለግ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንደሚባለው ይሆናል። መንገዱ፣ መሥመሩና ጣቢያው አብረው ሲታቀዱ ግን ወንዙ መኪናውን ያስኬዳል።

መልመጃ
1. ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪኖችን እንድትከለክል ያበቃት ምክንያት ምንድን ነው?
2. 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በዚያው የቤት ሶኬት በስንት ሰዓት ይሞላል?
3. «ምንዛሪ»፣ «ምሰሶ» እና «ዐቅም» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
4. በምንባቡ የተጠቀሰውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከካርቱም ሁኔታ ጋር አነጻጽራችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።