መረቡ የሚጣልበት ሰዓት፦ በጣና ሐይቅ የዓሣ ማስገር ጉዞና የአየር ጠባይ

በጣና ሐይቅ ላይ አንድ ዓሣ አስጋሪ ስለ አየር ጠባይ የሚወስነው ጎሕ ሲቀድ፣ ጀልባው ከዳር ሲነሣ እንደሆነ በብዛት ይታሰባል። በመረብ የሚያሰግር ሰው ግን መረቡን የሚዘረጋው አመሻሹ ላይ ነው፤ የሚያነሣው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ ያለቀው ማታ ነው። መረቡ አንዴ ውሃ ከገባ በኋላ ሌሊቱን ነፋስ ቢነሣ፣ አስጋሪው ጠዋት ላይ የሚቀሩት ሁለት ክፉ ምርጫዎች ናቸው፤ ወይ ማዕበሉን ተጋፍጦ መውጣት፣ ወይ የተያዘው ዓሣ እንዲበላሽና መረቡ ተጎትቶ እንዲጠፋ መተው። ጥሪቱ ያ መረብ ብቻ ለሆነ ሰው ሁለተኛው ምርጫ በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር የለም ማለት ይቻላል። የአየር ትንበያ አስጋሪውን የሚጠቅመው፣ መረብ ከመጣሉ በፊት ሲደርሰውና ስለ ቀጣዩ ንጋት ሲነግረው ነው።

ሐይቁ ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያስረዳው ቅርጹ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ በመሆኑ ነፋስ ሳይጋረድ ረጅም ርቀት እየገፋ ማዕበል ያሳድጋል። ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ማዕበሉ እንደ ውቅያኖስ ሞገድ ሊረዝምና ሊፈጥን አይችልም፤ በ8 ሜትር ጥልቀት ላይ የማንኛውም ማዕበል ፍጥነት በሰከንድ ከ9 ሜትር አያልፍም። ውጤቱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታትሎ የሚመጣ ማዕበል ነው። በውቅያኖስ ላይ አንድ ጀልባ ከአንዱ ሞገድ ወርዶ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት ፋታ ያገኛል፤ በጣና ላይ ያ ፋታ ጠባብ ነው። በዚህ ላይ የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። «ትንሽ ነፋስ ጨምሯል» የሚለው አነጋገር አሳሳች የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የዕለቱ የነፋስ ዑደት ግን ለአስጋሪው ወዳጅ ነው። ሌሊት የብሱ ከውሃው ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሐይቁ በዝግታ ይወርዳል፤ ቀን የብሱ ሲግል ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። በዚህም ምክንያት ማለዳው በአብዛኛው የረጋ ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ሞገደኛ ነው። መረብ ለማንሣት ማለዳ መውጣትና ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ ከልማድ በላይ መሠረት ያለው አሠራር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ይህ ሥርዓት ይደፈርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓዳማ ዝናብ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ብዙ ጊዜ ማታና ሌሊት ይጥላል፤ ከነጎድጓድ ደመና ሥር የሚፈነዳው ውሽንፍር ደግሞ የዕለቱን የነፋስ ዑደት አይጠብቅም። ማታ ጥርት ብሎ የታየ ሰማይ፣ መረቡ ውሃ ውስጥ እያለ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል።

የመጓጓዣው ዓይነትም የጉዞውን ዕቅድ ይወስናል። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በተለይ የሚታወቁበት የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው ውሃ ወደ ውስጡ ስላልገባ ሳይሆን ደንገሉ ራሱ ከውሃ ስለሚቀል ነው። ስለዚህ ማዕበል ቢያጥበውም እንደ ሣንቃ ጀልባ ሞልቶ አይሰጥም። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ዝግተኛ ነው፣ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በጉልበት ብቻ ስለሚቀዘፍም ከዳር የሚመጣ ነፋስ ወደ መካከል ሊወስደው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ተስፋፉ፤ አስጋሪውም ከዳር ርቆ ወደ ሰፊው ሐይቅ መግባት ቻለ። ሞተሩ የጉዞውን ጊዜ አሳጠረ፤ በአንጻሩ አስጋሪውን ለመመለስ ረጅም መንገድ ወደሚያስፈልግበት ስፍራ አደረሰው። ነዳጅ የሚለካውም በረጋ ውሃ ሳይሆን ማዕበልን በግንባር እየገፉ በሚደረግ የመልስ ጉዞ መሆን ይገባዋል።

ጉዳዩ ከሰው ደኅንነት አልፎ ዓሣውን የሚነካበት ቦታ የወንዞች መግቢያ ነው። በጣና ከሚሰገሩት መካከል ቆሮሶና አምባዛ በሌሎች የኢትዮጵያ ውሆችም ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ የሚባሉት ላቤኦባርበሶች ግን አብዛኞቹ ዝርያዎቻቸው የጣና ብቻ ናቸው፤ በርካቶቹም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉ ወንዞች ይጓዛሉ። ወደ ወንዝ ከመግባታቸው በፊት በመግቢያው ላይ ተጠጋግተው ይቆያሉ። በዚያው ወራት ሰፊው ሐይቅ በውሽንፍር ምክንያት አስፈሪ ይሆናል። «ከዳር አትራቅ» የሚለው ምክር እንግዲህ ለሰው ሕይወት ትክክል ሆኖ ሳለ፣ መረቡን እንቁላል ሊጥል የተሰበሰበ ዓሣ ፊት ሊያስዘረጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነዚህ ዓሦች ምርት ክፉኛ ያሽቆለቆለ ሲሆን፣ በመራቢያ ወቅት በወንዝ መግቢያ ላይ የሚደረገው ማስገር ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ተደርጎ ተወስዷል። የደኅንነት ምክርና የጥበቃ ደንብ ለየብቻ ከተዘጋጁ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል።

የወንዝ መግቢያው ራሱም አደጋ አያጣውም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ የሚነሡ በመሆናቸው ዳርቻው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ጎርፍ ግንድና ድፍርስ ውሃ ይዞ ሊደርስ ይችላል። በይፋት ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የሮቢን ወንዝ የሚሻገር ሰው ከራሱ በላይ ካለው ሰማይ ይልቅ በስተምዕራብ ወዳሉት ደጋዎች ማየት እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ በጉማራ መግቢያ የሚያሰግርም ሰው የጉናን ደመና መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭም ነፋስ ወደነዳው ስለሚሄድ፣ ጠዋት ክፍት የነበረ መውጫ ሲመለሱ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል፤ ሁለተኛ መድረሻ ሳያስቡ መውጣት አይገባም።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣቸው የዕለት፣ የአሥር ቀንና የወቅት ትንበያዎች ለገበሬው ትልቅ ጥቅም አላቸው። ገበሬ ግን በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ዝናብ ሲሆን፣ አስጋሪ የሚጠይቀው ስለ ነፋስ ፍጥነት፣ አቅጣጫና ሰዓት ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2021 በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አስተባባሪነት የተካሄደው የሃይዌይ ፕሮጀክት ይህን ልዩነት መነሻ አድርጎ፣ ሐይቁን በዞን እየከፈለ የነፋስና የማዕበል ትንበያ ለአስጋሪዎች እንዲደርስ አድርጓል። ጣና ከቪክቶሪያ ከ20 እጅ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ የሚያስፈልጉት ዞኖች ጥቂት ናቸው፤ ደቡቡን የባሕር ዳር ወገብ፣ ምሥራቁን የፎገራ ዳርቻ፣ ሰሜኑን የጎርጎራ አካባቢና መካከለኛውን ሰፊ ውሃ መለየት ለመነሻ ይበቃል። ትንበያው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት፣ መረቡ ገና ዳር ላይ ተጣጥፎ ሳለ፣ በሬዲዮና በማኅበራት በኩል መድረስ አለበት፤ ከክረምት መግቢያ እስከ ጥቅምትም የትኛው የወንዝ መግቢያ ለዓሣው እንደተተወ በዚያው መልእክት ውስጥ መነገር ይኖርበታል።