«አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዛሬ ዋጋ አልለጥፍም። ዋጋ የምታመጣውን፣ አንዳንዴም የምታሳጣውን አንዲት መስመር እንማማር፤ ናሙና ስንልክ «ጃስሚን፣ ሎሚ፣ ቤርጋሞት» ብለን የምንጽፋትን።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኮንቴይነር የታጠበ ይርጋጨፌ ለውጭ ገዢ ሳቀርብ፣ በደንብ ሳልቀምስ ያችኑ የለመድኳትን መስመር ጽፌ ላክሁ። ይርጋጨፌ ነዋ! አበባ ከሌለው ምን ሊኖረው? ገዢው ቀምሶ «ንጹሕ ቡና ነው፣ ሎሚውም አለ፣ አበባው ግን የለም» አለኝ። ውሉ ናሙና ሲጸድቅ የሚጸና ስለነበር በፓውንድ 10 ሴንት ቀንሼ ሸጥኩት።

10 ሴንት ቀላል ይመስላል። እናስላው፦ 320 ጆንያ በ60 ኪሎ፣ 19,200 ኪሎ ነው። ወደ 42,300 ፓውንድ ማለት ነው። ስለዚህ ከ4,200 ዶላር በላይ ሄደ። በፈረሱላ ደግሞ 3.75 ዶላር ገደማ።

ወደ ትምህርቱ እንግባ።

👉 አበባው በአፍንጫ፣ ሎሚው በምላስ
የአበባው ነገር ሽታ ነው። ሊናሎል የሚባለው ንጥረ ነገር በጃስሚንም በቤርጋሞትም በቡናም ውስጥ አለ። ጃስሚን አላውቅም የምትሉ ገበሬዎች፣ ዝናብ ጥሎ ቡናው ሲያብብ በማለዳ በማሳው መሀል እለፉ፤ የቡና አበባ ሽታ ለጃስሚን በጣም የቀረበ ነው። ሎሚው ግን በዋናነት በምላስ የሚታወቅ አሲድ ነው፤ ቡናው ውስጥ ሲትሪክ አሲድ አለ። ቤርጋሞት የብርቱካን ዘመድ ሲሆን፣ ኧርል ግሬይ የተባለው ሻይ የሚሸተው በልጣጩ ዘይት ነው። ሻዩን አንዴ ገዝታችሁ አሽትቱ፣ አትረሱትም።

👉 ሎሚ እና ኮምጣጤ አንድ አይደሉም
ጥሩው አሲድ ከጣፋጭነት ጋር ይመጣል፤ ሲበርድም ደስ እንዳለ ይቆያል። በመፍላት ብዛት የተበላሸው ግን ሲበርድ ይብስበታል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ይህንን «ሎሚ» ብሎ የጻፈ ሰው ገዢውን ያጣል።

👉 ከየት ይመጣል? የትስ ይጠፋል?
ዘሩ፣ ከፍታው እና አዘገጃጀቱ ያመጡታል። ከደቡብ ምዕራባችን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተወሰደው የጌሻ ዘር በ2004 ፓናማ ላይ በጨረታ በፓውንድ 21 ዶላር የተሸጠው፣ በወቅቱም ሪከርድ የሆነው በዚሁ የአበባና የቤርጋሞት ጠባዩ ነው። የሚጠፋው ደግሞ በእኛ እጅ ነው፦ ጥሬ ከበሰለ ተደባልቆ ሲለቀም፣ ገንዳ ውስጥ ሲያድር ሲከርም፣ አልጋ ላይ ዝናብ ሲያገኘው፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ መጋዘን ሲገባ። ቡና ሲከርም ቶሎ የሚሸሸው አበባው ነው፤ ቆይቶ ጆንያ ጆንያ ማለት ይጀምራል።

ስሙ ብቻውን ጣዕም አለመሆኑን ምርት ገበያውም ያውቀዋል። በይርጋጨፌ ደረጃ «ኤ» እና «ቢ» የሚለያዩት የአካባቢው ጣዕም በመኖር አለመኖሩ ነው።

👉 ከመጻፋችን በፊት
1. ቀለል ተደርጎ የተቆላ ናሙና፣ 8.25 ግራም ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ። አምስት ስኒ አዘጋጁ።
2. ዱቄቱን በደረቁ አሽትቱ፤ ውሃ ጨምራችሁም አሽትቱ። በ4ኛው ደቂቃ ከላይ የተጋገረውን በማንኪያ ስትሰብሩ እንደገና አሽትቱ። አበባው ካለ እዚህ ይገኛል።
3. ትኩስ እያለ፣ ለብ ሲል፣ ሲበርድም ቅመሱ።
4. አበባው በአንድ ስኒ ብቻ ከታየ አትጻፉት። በአምስቱም ካለ በድፍረት ጻፉት።

ዩኒየኖችም ብትሆኑ የላኪውን ወረቀት አትጠብቁ። ምን እንደሚሸጥ የማያውቅ ሻጭ ዋጋውን የሚሰማው ከገዢው አፍ ነው። «ሎሚ፣ ጥቁር ሻይ፣ ንጹሕ» ብሎ በእውነት መጻፍ፣ የሌለ ጃስሚን ጽፎ ናሙና ከማስመለስ ይሻላል። እኔ ትምህርቱን ከ4,200 ዶላር በላይ ከፍዬበታለሁ፤ እናንተ በነጻ ውሰዱት።

የነገው ዋጋ በተለመደው ሰዓት ይለጠፋል። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ። መልካም ገበያ!