የሞተር ኳኳታ

ከማንበባችሁ በፊት፦ መኪና ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መንሥኤው ምን ይመስላችኋል?

ምንባብ

ጥሩ መካኒክ ሞተር ከመፍታቱ በፊት ድምፁን ያዳምጣል። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይጨምቃል፤ ካንዴላውም እሳት ይጭራል። እሳቱ ድብልቁን በየተራ እያቃጠለ ሲሄድ ፒስተኑ ወደ ታች ይገፋል። ይሁን እንጂ ሙቀቱና ግፊቱ ከመጠን ካለፉ፣ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። የሚሰማው የብረት ቅጭልጭል ከዚህ የሚመጣ ነው።

የዚህም ምክንያቶች የቤንዚኑ ኦክቴን ማነስ፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ያለቅጥ መቅደም፣ በፒስተን ራስ ላይ የተጋገረ ጥላሸትና የሞተር መጋል ናቸው።

የቦታ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፣ የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ግን ከፍታዋ 550 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ በሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ዝቅ ይላል፤ በቆላ ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ለደጋ አየር ተብሎ እሳቱ እንዲቀድም የተስተካከለ አሮጌ መኪና በጁባ፣ በአትላባራ ሰፈር ሙቀት ቢነዳ ሊያንኳኳ ይችላል። ባለቤቱም «ሞተሬ አለቀ» ብሎ እንጀራው የሆነውን መኪና በርካሽ ከመሸጡ በፊት ሁለቱን ድምፆች መለየት ይገባዋል።

ቅጭልጭሉ ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ተሰምቶ እግር ሲነሣ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የአቃጠል ነው፤ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን መጠቀም፣ እሳቱን ማዘግየትና የራዲያተሩን ውሃ መመልከት ይበቃ ይሆናል። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣና ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚፋጠን ከሆነ ግን፣ የብዬላ ኩሽኔታ መበላቱ ያጠራጥራል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ ዘይቱን መለካት ያስፈልጋል፤ ቤንዚን መለወጥ አይረዳም።

አዳዲስ መኪናዎች ኳኳታውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ስላላቸው እሳቱን በራሳቸው ያዘገያሉ፤ ሆኖም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ኳኳታውን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሾፌር ግን ፒስተኑ ተበስቶ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል መልሱ።
1. በደጋ ያላንኳኳ ሞተር በቆላ የሚያንኳኳው ለምንድን ነው?
2. ሁለቱ ድምፆች በምን ይለያያሉ?

ለ. «ጥላሸት»፣ «ስስ» እና «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚሉትን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።