የፓተንት መሥሪያ ቤትን የዓመት ሪፖርት ነጋዴ እንዴት ያንብበው?

ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሙኒክ ከተማ የሚገኘው የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት የዓመቱን ሥራ ሲገልጽ፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለ ቴክኖሎጂው፣ ስለ ሥራው ጥራትና ስለ ዘላቂነቱ ይዘረዝራል። ነጋዴ ከአራቱ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው ጥራቱን ነው። መርማሪው በሙያው ካልበሰለ፣ የቀደሙ ጽሑፎችን የሚፈልግበትም መሣሪያ ካልተሟላለት፣ ነባሩ ነገር እንደ አዲስ ፈጠራ ሊመዘገብ ይችላልና።

ለዚህም ምሳሌው ከገዛ ማዕዳችን ይገኛል። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ሰጠ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ እርምጃ ስለ ጎደለው በኔዘርላንድስ ዋጋ የለውም ሲል የፈረደው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመካከሉ 11 ዓመታት አልፈዋል።

ሆኖም በሕጉ መሠረት የፓተንቱ መሰጠት ከታወጀበት ቀን አንሥቶ እስከ 9 ወር ድረስ ማንኛውም ሰው የተወሰነውን ክፍያ ከፍሎ ለመሥሪያ ቤቱ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል።

እንግዲህ ወደ አውሮፓ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ኤስፓስኔት በተባለው፣ ያለ ክፍያ በሚታየው መዝገብ ስለሚነግድበት ዕቃ የወጡትን ፓተንቶች በየጊዜው ይመርምር። ጥራት የሚጠበቀው በመርማሪው ትጋት ብቻ ሳይሆን፣ ቀኑ ሳያልፍ መቃወሚያውን በሚያቀርብ ባለጉዳይም ጭምር ነው።