በከተማ በስኩተር ለሚሄድ ሰው ስለሚበጀው ልብስ

ልብስ ለሰው ልጅ ከብርድና ከፀሐይ መጠለያ፣ ለገላው መሸፈኛ፣ ለክብሩም ጌጥ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ለሚሄድ ሰው ልብስ ከዚህ ሌላ አንድ ታላቅ አገልግሎት አለው፤ ይኸውም በገላውና በአስፋልቱ መካከል የሚገባ ጋሻ መሆኑ ነው። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ ጋሻ በጥቂት ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝና ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ በሆነ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ምን መግዛት እንደሚገባ ነው።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣኝ የቤታችን ጉዳይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በባሕር ዳር ከተማ ወደ ሥራው የሚመላለሰው በስኩተር ነው፤ ጧት ጧት ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝም እርሱ ነው። ከስኩተሩ ጋር የተገዛው የራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት የምንለው፣ አንድ ብቻ ነበር፤ ራሶቹ ግን ሁለት ናቸው። አባቴም «የቀረውን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያልኩ እገዛለሁ፤ የቱ እንደሚቀድም አንቺ አጥንተሽ ንገሪኝ» አለኝ። ከዚህ በታች የተጻፈው ለእርሱ የሰጠሁት መልስ ነው፤ ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅም ይሆናል በማለት ለመጽሔታችን አቅርቤዋለሁ።

1ኛ/ የመውደቅ ኃይል ምን ያህል ነው?

ብዙ ሰዎች «ስኩተር ትንሽ ናት፤ በከተማም ውስጥ የምንሄደው ቀስ ብለን ነው» ሲሉ ይሰማል። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ስሌት ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። በስኩተር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስኩተሩ ቆሞ ሳለ እንኳ ሰውየው ተንጋድዶ ቢወድቅ ራሱ አስፋልቱን የሚመታው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር ቢጋጭ ከ3.5 ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ፍጥነቱ 50 የሆነ እንደ ሆነ ከፍታው ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት እንደ መውደቅ ነው።

ከመመታቱ ሌላ መንሸራተትም አለ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የወደቀ ሰው የገላውና የመንገዱ ሰበቃ 0.6 ነው ብለን ብናሰላ፣ እስኪቆም ድረስ ከ10 ሜትር በላይ ይጎተታል። ይህ ሁሉ ርቀት የሚሄደው በልብሱ ላይ ነው፤ ልብሱ ካለቀ ደግሞ በቆዳው ላይ ነው።

ሐሪ ሐርት የተባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ከረዳቶቻቸው ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በየሥፍራው ተገኝተው ከመረመሩ በኋላ በ1981 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመው ነበር። በምርመራቸው ከአደጋዎቹ ግማሽ ያህሉ በግጭቱ ቅጽበት የነበራቸው ፍጥነት በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ አደጋ የሚደርሰው በረጅም ጎዳና በሚከንፉት ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

2ኛ/ ስለ ራስ ቁር

የራስ ቁር ጥቅም በሕክምና ሰዎች ዘንድ በደንብ የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። የዓረቢያው ሎሬንስ የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን በ1935 እ.ኤ.አ. ከሞተር ብስክሌት ወድቆ በራሱ ላይ በደረሰው ጉዳት ሲሞት፣ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ ነበሩ። እኒህ ሐኪም ነገሩን በጥሞና ሲያጠኑ ቆይተው በ1941 የራስ ቁር የሞተረኛን ሕይወት እንደሚያድን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። ከብዙ ዓመት በኋላም፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስን ጉዳት ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታውቋል።

የሚያድነው እንዴት ነው? የውጭው ጠንካራ ቅርፊት ብቻውን አይደለም የሚያድነን። ከቅርፊቱ ሥር ፖሊስታይሪን የተባለ ነጭና ቀላል ነገር አለ፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነው። ይህ ነገር ራሱ እየተጨፈለቀ ለጭንቅላት የመቆሚያ ርቀት ይሰጠዋል። ለስሌት ያህል፣ ከ1.5 ሜትር የወደቀ ራስ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም የሚደርስበት ግፊት የመሬት ስበትን 750 ጊዜ ያህል ያጥፋል፤ በ25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 60 ጊዜ ብቻ ይሆናል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የሁለት ጣት ስፋት የማይሞላ ነጭ ንጣፍ ነው።

ከዚህ የተነሣ በገበያ ስንመርጥ የሚከተሉትን መመልከት ይገባናል።

ሀ/ ንጣፍ። የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ጠንካራው ነጭ ወይም ጥቁር ንጣፍ መኖሩን ማየት ነው። በጣት ሲጫን የሚሰረጉድ ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ቆብ እንጂ የራስ ቁር አይደለም። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትም ከላይ ለሚወርድ ዕቃ እንጂ ለእንዲህ ያለ ውድቀት አልተሠራም።

ለ/ ምልክት። በአውሮፓ ደንብ የተፈተነ የራስ ቁር በአገጭ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ መለያ አለው። በመለያው ላይ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደልና ፈቃዱን የሰጠው አገር ቁጥር ይገኛሉ፤ 1 ጀርመን፣ 3 ኢጣልያ፣ 9 እስፓኝ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል፤ 06 አዲሱ ደንብ ነው። «ፒ» የሚለው ፊደል አገጭንም የሚጠብቅ ሙሉ ቁር መሆኑን ሲያመለክት፣ «ጄ» ፊት ክፍት መሆኑን ያመለክታል። አቅም ከፈቀደ «ፒ» ያለበት ይመረጣል፤ የሚወድቅ ሰው በግንባሩ ብቻ አይወድቅምና።

ሐ/ ልክ። ሲጠለቅ ጉንጭን ጥብቅ አድርጎ መያዝ፣ ታስሮም ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ ከራስ ላይ አለመውለቅ አለበት። ሹሩባ የምንሠራ ልጃገረዶች እንደ ወትሮው ተሠርተን ሄደን ልንለካው ይገባል። ማሰሪያውም ከመነሣት በፊት ይታሰር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ተብሏልና።

መ/ ያገለገለ አለመግዛት። ጃኬትና ጫማ ከሳልባጅ ቢገዛ ነውር የለውም። የራስ ቁር ግን አንድ ጊዜ ከተመታ ንጣፉ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ቅርፊቱ ግን ምንም ያልሆነ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን የማናውቀውን የራስ ቁር በርካሽ ከመግዛት አዲሱንና ቀላሉን መግዛት ይሻላል። በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ ማጽዳትም ንጣፉን ይበላዋል።

ሠ/ ቀለም። በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ከተማ አካባቢ የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነጭ የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች ጥቁር ካደረጉት ይልቅ በአደጋ የመጎዳታቸው ዕድል በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል፤ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱት ደግሞ በ37 በመቶ ያነሰ። ነጩን ከጥቁሩ መምረጥ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ዋጋውም አንድ ቃል ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ሻርፕ የተባለው የመንግሥት የፈተና ድርጅት ለራስ ቁሮች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፤ በዋጋቸው ዝቅተኛ ከሆኑትም መካከል አምስት ኮከብ ያገኙ አሉ። ስለዚህ መታየት ያለበት ምልክቱና ልኩ እንጂ በላዩ ላይ የተሣለው ሥዕል አይደለም።

3ኛ/ ስለ እጅና ስለ እግር

ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። የመዳፍ ቆዳ ከተገፈፈ ብዕር መያዝም ሆነ እንጀራ መቁረስ ለሳምንታት ችግር ነው። ስለዚህ ከራስ ቁር ቀጥሎ የሚመጣው ጓንት ነው። የአገራችን የበግ ቆዳ ቀጭን ሲሆን ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት ሥራ በዓለም የታወቀ ነው። በመዳፉ ላይ ድርብ ቆዳ ያለውና በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ይመረጥ፤ የማይታሰር ጓንት ሲንሸራተቱ ይወልቃል። በያጆች የሚያደርጉት ወፍራም የቆዳ ጓንት በዋጋው ረከስ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከመግዛት በፊት ፍሬኑን በደንብ ለመያዝ ማስቻሉን መሞከር ያስፈልጋል።

ስለ ጫማ ደግሞ ለአባቴ ደስ የሚያሰኝ ነገር አገኘሁ። በአውስትራሊያ ሊዝ ደ ሮም የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአደጋ የወደቁ 212 ሞተረኞችን አጥንተው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለሞተር ያልተሠራ ተራ ቡትስ እንኳ ከተራ ጫማና ከስፖርት ጫማ ጋር ሲነጻጸር የእግርን ጉዳት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ገልጸዋል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ሶሉ በዝናብ የማያንሸራትት የሥራ ቡትስ ወይም ሴፍቲ ጫማ ይበቃል። በነጠላ ጫማ ስኩተር መንዳት ግን በባዶ እግር እንደ መንዳት ይቆጠራል።

4ኛ/ ስለ ጃኬትና ስለ ሱሪ

በዚሁ የአውስትራሊያ ጥናት ለሞተር የተሠራ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ሆስፒታል የመተኛታቸው ዕድል በ21 በመቶ፣ ሱሪ የለበሱት በ51 በመቶ፣ ጓንት ያደረጉት በ59 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ከጃኬቶቹ 30 በመቶ የሚጠጉት በአደጋው ጊዜ ተቀድደዋል ወይም ተበላሽተዋል፤ ስለዚህ «የሞተር ጃኬት» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአውሮፓ የተፈተኑ ልብሶች በላቲን ፊደል ይለያሉ። ሦስት «ኤ» ያለው ከሁሉ የበረታ፣ ሁለት «ኤ» ያለው መካከለኛ፣ አንድ «ኤ» ያለው ቀለል ያለና ለከተማ የሚበቃ ነው።

እንዲህ ያለውን ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ከሳልባጅ የሚገኝ ወፍራም የከብት ቆዳ ጃኬት መልካም ምትክ ነው። ቆዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ቢወፍር፣ ስፌቱም በትከሻና በክርን ላይ ድርብ ቢሆን ይመረጣል። የቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ግን አይጠቅምም። ከዚያም ወደ ልብስ ሰፊ ወስዶ በትከሻና በክርን ከውስጥ ኪስ ማሰፋትና 1621 የሚል ቁጥር ያለበትን መከላከያ ንጣፍ ማስገባት ይቻላል፤ ይህ ንጣፍ ለብቻው ይሸጣል። ንጣፉ ከቦታው እንዳይንሸራተት ጃኬቱ በልክ መሆን አለበት። ለታችኛው ገላ ወፍራም ካኪ ወይም ጂንስ ከስስ ሱሪ ይሻላል፤ ግን አስፋልት ላይ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ከላይ የሚታሰር የጉልበት መከላከያ ይጨመርበት። ስስ ናይለንና ፖሊስተር በሰበቃ ሙቀት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ከገላ አጠገብ ባይለበስ መልካም ነው።

የከተማችንን አየር ማሰብም ያስፈልጋል። በሚያዝያ ሙቀት ወፍራም ቆዳ ስለሚከብድ ወንፊት መሳይ ጨርቅ ያለው ጃኬት ቢገኝ ይሻላል፤ የማይለበስ ጃኬት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንንም አያድንምና። በክረምት ደግሞ ከላይ የሚደረበው የዝናብ ልብስ ብጫ ቢሆን ከዝናብም ይከላከላል፣ ለመኪና ነጂም ይታያል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከኋላ ሲቀመጡ የነጠላቸው ጫፍ ከጎማው ጋር እንዳይጠመጠም ከጃኬት ሥር አስገብተው ሊይዙት ይገባል።

5ኛ/ የግዢው ቅደም ተከተል

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት ለአባቴ ያቀረብሁለት ተራ ይህ ነው። በመጀመሪያ ለሁለተኛው ራስ የሚሆን የራስ ቁር፤ ይህ ሳይገዛ ሌላ ነገር አይገዛም። ሁለተኛ ለሁለታችን ጓንት። ሦስተኛ ቡትስ፤ እርሱም በሥራና በዝናብ ጊዜ ስለሚለበስ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። አራተኛ ጃኬት፤ አምስተኛ የጉልበት መከላከያ። አባቴም ተራውን ተቀብሎ በመጀመሪያው ወር ነጭ የራስ ቁር ገዛልኝ፤ እስኪገዛ ድረስም ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ ሄድሁ።

ልብስ ሁሉን ያድናል ብዬ አልዋሽም። ከፍ ብዬ የጠቀስሁት የአውስትራሊያ ጥናት መከላከያ ንጣፍ የአጥንት ስብራትን እንደሚቀንስ አላሳየም፤ ከከባድ መኪና ጋር ለሚጋጭም ጃኬት ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ መንዳትና በመስቀለኛ መንገድ መጠንቀቅ ከልብስ ሁሉ ይቀድማሉ። የልብሱ ሥራ በየቀኑ የሚያጋጥመውን ትንሽ ውድቀት ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከኋላ ስንሳፈር «ለአጭር መንገድ ነው» ብለን ያለ ራስ ቁር አንቀመጥ። ወላጆቻችንም ስኩተር ሲገዙ የሁለቱን ራስ ዋጋ አብረው ቢያስቡ ብዬ እለምናለሁ። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉትን ምክር ዛሬ መስማት፣ ነገ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ ከመጸጸት ያድናል።